ዳግም የተወለደችው የፋርቱን መኪና

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። አንዲት ቅንጣት ውሸት ተቀላቅሎበት ቢገኝ የተራኪው ምላስ በትኩስ ሾርባ ይቃጠልና ዓመቱን ሙሉ ጣዕም አይለይ። ተጨምሮበታል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እንዲያውም ተቀንሶለታል፤ ሁሉም ቢነገር የሚያምን ስለማይገኝ። ደግሞ ምስክር አለው። ጅግጅጋ ወተት ተራ ሄዶ ባሬን መጠየቅ ነው። ባሬ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ያየ ሾፌር ነው። በቀን ከሶስት ቃል በላይ ስለማያወጣም፣ ለውሸት የሚተርፍ ቃል የለውም።

የታሪኩ ጀግና የጌታሁን ይባላል። አያቱ በወታደርነት መጥተው ጅግጅጋ የቀሩ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ እዚያው ጋራዥ የከፈተ፣ ሃምሳን ተሻግሮም ሪዙን ጥቁር አድርጎ የሚያበጥር ሰው ነው። ከድሬዳዋ እስከ በርበራ ባለው ምድር ከእሱ የሚስተካከል መካኒክ እንደሌለ የታወቀ ነው፤ ለጊዜው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው እንጂ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ የሾፌሩን የደም ዓይነት ይናገራል። አንድ ጊዜ ሲያስነጥስ የሁለት መኪና ቡሎን ላልቷል።

ነገሩ የተጀመረው ካራማራ ቁልቁለት ላይ ነው። ፋርቱን የምትባል የወተት ነጋዴ አለች። በየጠዋቱ ከፋፈን አካባቢ ካሉት አርብቶ አደሮች የግመል ወተት በጀሪካን ሰብስባ፣ በላንድክሩዘር ፒክአፗ ጭና ጅግጅጋ ታደርሳለች። የሚነዳው ባሬ ነው፤ የወንድሟ ልጅ ስለሆነ እንደ ወግ ልማዱ ኤዶ ይላታል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ያን ቀን ብቻውን ወተት ጭኖ ሲመጣ፣ ኩርባው ላይ አንድ ግመል አስፋልቱ መሐል ቆሞ አገኘ። ግመሉን አዳነ፤ መኪናዋ ግን ገደል ገባች። ሰባት ጊዜ ተገለበጠች። ስምንት ያሉም አሉ። የጌታሁን አጣርቶ ዘጠኝ ላይ ዘግቶታል።

ባሬ አንድ የፕላስቲክ ጫማ ጠፍቶበት፣ ሌላ ምንም ሳይሆን በእግሩ ወጣ። ፋርቱን እየሮጠች ደርሳ በሕይወት ስታየው መጀመሪያ በጥፊ አጮለችው፣ ቀጥላ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣

«ወተቱስ?» አለች።

«ፈሰሰ።»

«አንተ አልፈሰስክ፤ አልሐምዱሊላህ!»

የወተቱን ሥራ ግን ትታ መቀመጥ አልቻለችም። የግመል ወተት እንደ ሰው አይታገስም። በኪራይ መኪና ልጫነው ብላ ሞከረች፤ የኪራዩ መኪና በየመንደሩ ሲቆም፣ ሰው ሲያወርድ ፍየል ሲጭን፣ ወተቱ ፀሐይ ላይ ውሎ እየኮመጠጠ ደረሰ። ረመዳን እየቀረበ ነበር። በረመዳን የጅግጅጋ ሰው ፆሙን ሲፈታ ትኩስ የግመል ወተት ይፈልጋል፤ ፋርቱን ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው በዚያ ወር ገበያ ነው። ዋናው ደንበኛዋ ሙሐመድአሚን፣ ወተት ተራ ዳር ላይ ቁርስ ቤት ያለው ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲህ አላት፦

«እህቴ፣ እኔ ታግሼሻለሁ። ደንበኛ ግን አይታገስም። የፆሙ ዋዜማ ጣፋጭ ወተት በራስሽ መኪና ካላደረስሽ፣ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ። አትቀየሚኝ።»

የጌታሁን እዚያው ጥግ ተቀምጦ ፉል በዳቦ እየበላ ነበር። ፋርቱን ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ስትወጣ አየ። ዳቦውን አስቀመጠ። የጌታሁን የሰው ሐዘን ሲያይ ዝም ማለት አይችልበትም፤ በእርግጥ ሐዘን ባይኖርም ዝም ማለት አይችልበትም።

«ፋርቱን!» ብሎ ተነሳ። «ረመዳን ሳይገባ መኪናሽ በራሷ ጎማ መጥታ እዚህ በር ላይ ካልቆመች፣ ይሄን ሪዜን ተላጭቼ ወተት ተራ መሐል ጀሪካን አጥባለሁ!»

«ሪዝህ ወተት አይጭንልኝም» አለች። «መኪናውን አምጣልኝ፣ ሪዝህን እንደፈለግህ አድርገው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የጌታሁንም ሳቀ። ደጅ ሲወጣ ግን ሪዙን ደጋግሞ ዳበሰ። ምክንያቱም ገደሉን አይቶታል።

ያም ሆኖ መኪናዋን አወጣት። እንዴት አወጣት የሚል ካለ፣ በገመድ ነው። ገመዱ ተበጠሰ፤ ድርብ አደረገው፤ ያም ተበጠሰ። በመጨረሻ ሽቦ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ራሱ ሲስብ፣ ካራማራ ተራራ በትንሹ ወደ ጅግጅጋ ዘመም ብሏል። ልብ ብሎ ያየ ሰው ዛሬም ያስተውለዋል።

ጋራዥ አስገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። ማንም እንዳይገባ ከለከለ፤ ሙያ ይሰረቃል ብሎ። ከፋርቱንና ከባሬ በቀር ደፍ የረገጠ አልነበረም። ለሌላው ሰው ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ሻንሲው እንደ ግመል አንገት ተጣሟል። ጋቢናው እንደ ተረገጠ ቆርቆሮ ጠፍጥፏል። ደህና የቀሩት ሞተሩ፣ ካምቢዮውና አክስሎቹ ናቸው። እንግዲህ ልብና እግር አለ፤ አጥንትና ቆዳ የለም። አጥንትና ቆዳ ከሌላ መኪና መምጣት አለበት።

የጌታሁን ስልኩን አነሳ። አዲጋላ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ያለው ራጉኤል የሚባል ወዳጅ አለው። ከሱቁ ጀርባ የቆመች፣ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት፣ ሞተር የሌላት ግን ገላዋ ጤነኛ የሆነች ላንድክሩዘር እንዳለችው ያውቃል።

«አይተሃታል ወይ?» አለው ራጉኤል።

«መኪና ለማወቅ ማየት ያስፈልጋል እንዴ? እንደ መዳፌ ነው የማውቃት! ላካት።»

መጣች። በሩ ተከፍቶ ስትገባ ፋርቱን ዙሪያዋን ዞረች፣ ጎማዋን በእግሯ መታ መታ አደረገች፣ በግራ በኩል ያለውን በር ከፍታ ወንበሩ ላይ አየችና ቆመች።

«የጌታሁን።»

«አቤት።»

«መሪው የት ሄደ?»

«አለ!»

«የት?»

የጌታሁን ዞሮ አየ። ላቡ ከግንባሩ ተነስቶ ሪዙ ላይ ደረሰ። መኪናዋ ድሮ ከሐርጌሳ የገባች ኖሯል፤ መሪዋ በቀኝ ነው።

«እዚያ ማዶ» አለ።

ጅግጅጋ ውስጥ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ብርቅ አይደለም፤ ከጠረፍ ማዶ የመጣ ሁሉ እንደዚያው ነው። ፋርቱን ግን ባሬን አየችው። ባሬ ዕድሜውን በሙሉ በግራ ተቀምጦ የነዳ ሰው ነው። ባሬም መሪውን አየ፣ አክስቱን አየ፣ በዚያ ቀን ከሚያወጣቸው ቃላት አንዱን አወጣ።

«ይለመዳል።»

ለባሬ ይለመዳል። ለየጌታሁን ግን ሌላ መከራ መጣ። የድሮዋ መኪና የመሪ ሳጥን ለግራ የተሠራ ነው፤ የአዲጋላዋ ሻንሲ ማሠሪያው በቀኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። የጌታሁን ሞተሩን በፓራንኮ፣ በሰንሰለት ማንሻው አንጠልጥሎ፣ ፓራንኮው ሲደክም በትከሻው ተቀብሎ ሻንሲው ላይ አስቀመጠው። ጋቢናውን በየዳው። የብየዳው ብርሃን ድሬዳዋን አልፎ ሽንሌ ድረስ ታይቶ ሰዎች ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው ፍየላቸውን አስገብተዋል። የመሪውን ሳጥን ደግሞ ገልብጦ አሠረው። ባሬ መሪው ላይ ወጣና ወደ ግራ ሲያዞር መኪናዋ ወደ ቀኝ ሄደች፤ ወደ ቀኝ ሲያዞር የጋራዡን በር ይዛ ወደ ግራ። ባሬ ሳይደናገጥ እያቀያየረ መንዳት ጀመረ። የጌታሁን ግን ኩራቱ አልፈቀደለትም። ሳጥኑን ፈትቶ፣ ጥርሶቹን እሳት ውስጥ ከትቶ፣ እያንዳንዱን በመዶሻ አሳምኖ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ እንዲያስቡ አደረጋቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ጃፓን ውስጥ ቢሰማ የፋብሪካው መሐንዲሶች ተሰብስበው ካባ ያለብሱት ነበር።

በእነዚያ ቀናት ሰው የታዘበው ሌላ ነገር ቢኖር፣ የጌታሁን በእግሩ መሄዱ ነው። የራሱ አሮጌ ላንድሮቨር ሸራ ለብሳ ጋራዡ ጥግ ቆማለች።

«ዋሪያ የጌታሁን፣ ምን ሆነህ ነው በእግርህ?» ይሉታል መንገድ ላይ።

«ሐኪም ነው። ልብህ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ይድከም ብሎኝ።»

የፆሙ ዋዜማ ደረሰ። ባሬና ፋርቱን ማለዳ ፋፈን ሄዱ። የጌታሁን በእግሩ ወተት ተራ መጥቶ ሙሐመድአሚን በር ላይ ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ አልጠጣም። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሌሎቹ ወተት ሻጮች አንድ በአንድ መጥተው ጀሪካናቸውን ደረደሩ። በፋርቱን ቦታ ላይ፣ ሁለት እርምጃ በማትሞላው ባዶ መሬት ላይ፣ አንዲት ዶሮ ትጭራለች።

«ሪዝህን በምን ልላጭልህ?» አለ ሙሐመድአሚን። «መቀስ አለኝ።»

«ሳቅ፣ ሳቅ» አለ የጌታሁን። እሱ ግን ስለ ሪዙ ማሰብ ካቆመ ቆይቷል። እያሰበ ያለው ያን ባዶ መሬት ነው። ካራማራ ዳገት ላይ ቆማ ቢሆንስ? ባሬ በቀኝ ተቀምጦ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ሲቀድም ማዶው ባይታየውስ? ፈጣሪዬ፣ ዛሬን ብቻ፣ አለ በሆዱ። ከዛሬ በኋላ አላጋንንም። ፈጣሪ ስእለቱን እንዲሰማው ይፈልግ አይፈልግ ግን እርግጠኛ አልነበረም።

ያኔ ጡሩምባ ተሰማ።

ላንድክሩዘሯ አቧራ ለብሳ፣ ኋላዋ በቢጫ ጀሪካን ተሞልቶ በኩርባው ብቅ አለች። ባሬ በቀኝ ተቀምጧል። ፋርቱን በግራ መስኮት እስከ ወገቧ ወጥታ፣ ሻሽዋ እየተውለበለበ ትጮሃለች። «ቆይ! ቆይ! ባጃጅ አለ! አሁን ሂድ! ሂድ ልጄ!» ከፋፈን እስከዚያ ድረስ ማዶውን እያየች፣ ዓይን ሆና መጥታለች። ድምጿ ሰልሏል።

መኪናዋ በሩ ላይ፣ በራሷ ጎማ፣ ቆመች።

ፋርቱን ወርዳ አንዱን ጀሪካን ከፈተች። አሸተተች። በኩባያ ቀድታ ለሙሐመድአሚን ሰጠችው። ወተት ተራው ሁሉ የሱን ጉሮሮ ያይ ነበር። ተጎነጨ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደግሞ ተጎነጨ፤ ኩባያውን እስከ መጨረሻው ጠጥቶ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ወላሂ እንደ ማር ነው» አለ። «ቦታሽ ቦታሽ ነው። ሁሉንም አውርዱ!»

ፋርቱን ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነና ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ዶሮዋን ከቦታዋ አባረረች። የጌታሁን ተደፍቶ ያገኘው ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አለ። የቀዘቀዘ ሻዩን አንስቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤ እንደዚያ የጣፈጠ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም።

ከዚያ ሰው ከበበው፤ የጌታሁንም ታሪኩን ጀመረ። ዘጠኙን መገልበጥ፣ ሽቦ ገመዱን፣ ያዘመመውን ተራራ፣ በትከሻው የተሸከመውን ሞተር፣ ሽንሌ የታየውን ብርሃን፣ የመሪውን ጥርስ። ስእለቱ ከሻዩ ጋር አብሮ ሳይወርድ አልቀረም። በየመሐሉ «ባሬን ጠይቁት!» ይላል። ባሬ ጀሪካን እያወረደ ነው።

«እውነት ነው፣ ፋርቱን?» አለች አንዲት ወተት ሻጭ።

«ወተቱ ጣፋጭ ነው አይደል?» አለች ፋርቱን፣ ዓይኗን ከጀሪካኖቿ ሳታነሳ።

ሙሐመድአሚን ግን የምር ለማወቅ ፈልጎ ዞረ። «ባሬ፣ አንተ አትዋሽም። እስቲ ንገረን፤ እንዲህ ነው የሆነው?»

ባሬ የመጨረሻዋን ጀሪካን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«የኤዶ መኪና እዚያው ገደል ውስጥ ናት» አለ በቀስታ። «አልወጣችም። ዛሬም ስናልፍ አይቻታለሁ፤ ፍየል ጣሪያዋ ላይ ቆማ ነበር።»

«ታዲያ ይቺስ?»

«ይቺ የአዲጋላዋ ናት። ሙሉ ነበረች። ሞተሯም መሪዋም የራሷ ነው። ባትሪዋ ስለሞተ ነው የቆመችው። እኔ ነኝ እየነዳሁ ያመጣኋት።»

የጌታሁን ቀና ብሎ ሰማዩን መመርመር ጀመረ።

«እና የጌታሁን ምን ሠራ?»

«ባትሪ ሰጠኝ» አለ ባሬ። «ከላንድሮቨሩ ነቅሎ። ለማንም እንዳትናገር ብሎኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእግሩ ነው የሚሄደው።»