ኑዛዜውና ደረጃው

የሰፈሩ ሰው «እመት መቀስ» የሚላቸው ስለ ስፌታቸው ብቻ አይደለም፤ ነገርንም እንደ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ስለሚቆርጡ ነው። በዚያ ከሰዓት በኋላ ጠበቃውንና ሁለት ልጆቻቸውን ምድር ቤት ባለው የስፌት ክፍላቸው ሰብስበው፣ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ጠርገው፣ ኑዛዜያቸውን ሊያጽፉ ተቀምጠዋል።

ሐሳባቸው አጭር ነው። ፎቁ ለወንድና ለሴት ልጃቸው፤ ይህ ክፍል ከነስፌት መኪናዎቹ ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ልጃገረዶች የስፌት ማሠልጠኛ ተቋም። ማሠልጠኛው ከኪራይ ቤቱ ከተባረረ ወዲህ ልጃገረዶቹ ስፌት የሚማሩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። «አልጋ ላይ ተኝቶ ዋና እንደ መማር» ይላሉ እመት መቀስ፤ ይህን ሳያቃኑ ዓይናቸውን መክደን አይፈልጉም።

ወንድ ልጃቸው የግንባታ ተቋራጭ ነው። ክፍሉን ለመድኃኒት መደብር ለማከራየት በልቡ ካሰበ ቆይቷል።

«እማዬ፣ በጎ ሥራሽን ማን ይጠላል? ግን እንዲህ ቢጻፍስ፤ እኛ ድርሻችንን ከወሰድን በኋላ የተረፈው ለማሠልጠኛው ይሁን።»

«የተረፈው?» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «አንተ፣ እዚህ ጠረጴዛ ሥር እየተኛህ ነው ያደግኸው። የኮሌታ ቦታ ጨርቁ ላይ የሚሰመረው መቼ ነው?»

«መቀስ ሳይነሣ» አለ ሳይወድ በግድ።

«ለምን?»

«ኋላ ከቁርጥራጭ አይወጣማ።»

«ይኸው። በጎ ሥራም ከቁርጥራጭ አይወጣም። ጠበቃ፣ ማሠልጠኛውን አንደኛ አድርገህ ጻፍልኝ።»

ጠበቃው የሠርጉን ሱፍ የሰፉለት ሰው ነው፤ ሊያስቀይማቸው አይፈልግም። «መጻፉን እጽፋለሁ፣ እትዬ። ልጆችዎ ከተከራከሩ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይከርምና ልጃገረዶቹ ያረጃሉ። ተስማምታችሁ ብትጨርሱት ይሻላል።»

«እኔ ተስማምቻለሁ» አለች ነርሷ ሴት ልጃቸው። «የወንድሜ ፊት ነው እንጂ በውኃ እንደ ታጠበ ሱፍ የተጨማደደው።»

ወንድምየው ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ጥግ ሄደና የእንጨቱን ደረጃ መደገፊያ መታ መታ አደረገው።

«እሺ፣ ክፍሉን ሰጠሽ። እኛ ወደ ፎቁ የምንወጣው በምንድን ነው? በመስኮት?»

ሁሉም ዞረው አዩ። ወደ ፎቁ ከዚያ ደረጃ ሌላ መውጫ የለም። እመት መቀስ ለካ የቤታቸውን መግቢያ ጭምር ሊለግሱ ኖሯል። ዕድሜ ልካቸውን ከአልጋቸው ወደ ስፌታቸው ሲወርዱበት፣ ደረጃውን እንደ ገዛ እግራቸው ለምደውት፣ የክፍሉ አካል መሆኑን ዘንግተውታል። ጠበቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

እመት መቀስም ሳቁ። የልጃቸው ነገር ስስት ብቻ ቢሆን በቀላሉ ይረቱት ነበር፤ ይህ ግን እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ በቁጣ አይመለስም። ስለዚህ ብድግ አሉ።

«ተከተለኝ» አሉት ወንድ ልጃቸውን።

በጓሮው በር ወጥተው ወደ ፎቁ መስኮት ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያ መስኮት በር ይሁን። ደረጃው ከዚህ ይነሣ፤ የሚሠራውም እኔ ቆሜ እያየሁ ነው። አዲስ የስፌት መኪና ልገዛ ያኖርኩት ገንዘብ አለኝ። አንተ ካልሠራኸው ያንን ባለ ቀይ ባርኔጣ ተፎካካሪህን እጠራለሁ።»

«እሱን? የእሱን ደረጃ እኮ ድመት እንጂ ሰው አይወጣውም።»

«እንግዲያው ድመት ከመሆናችሁ በፊት አንተው ጀምር።»

ልጁ አልሳቀም። «እማዬ፣ ይህ ነገር ላይመለስ ነው?»

«አይመለስም። ያች ክፍል አንተን አሳድጋሃለች። አንተ አድገህ ጨርሰሃል፤ አሁን ደግሞ የሰው ልጆች ታሳድግ።»

ልጁ ግድግዳውን በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳው፤ ከዚያ ከኪሱ ሜትሩን አወጣ።

«ከዚህ ከተነሣ ዝናብ ይመታዋል።»

«ጣሪያ አድርግለታ።»

«ጣሪያ ከገባ መታጠፊያው ይጠባል።»

«አስፋው። እርከኑንም ዝቅ ዝቅ አድርገው፤ ሳልሞት እኔም እወጣበታለሁ።»

ጠበቃው በጓሮው በር ብቅ አለ። «እትዬ፣ ምን ልጻፍ?»

«አንደኛ፣ የስፌት ክፍሉ ከነመኪናዎቹ ለማሠልጠኛው» አለ ልጁ ፊቱን ሳያዞር፣ የሜትሩን ጫፍ ለእናቱ እያስያዘ። «እማዬ፣ እዚህ ጋ አጥብቀሽ ያዢልኝ።»