የመጨረሻዋ ቁራሽ ኬክ

ፊልሙን ያዘጋጀው ስታፋን ነገሩን ሲያወራ፣ ዮርዲስ የተፈጥሮ ቀልደኛ ናት ይላል፤ ካሜራው እየሠራ መሆኑን አይታ፣ ሆን ብላ ነው የመጨረሻዋን ቁራሽ ኬክ ለሁለት የከፈለቻት። ዮርዲስ ደግሞ ካሜራውን ልብ አላልኩትም፣ ቀልድም አላሰብኩም ትላለች፤ ሳህን ላይ አንዲት ቁራሽ ስትቀር እንዳለች አንስቶ የሚጎርስ ባለጌ ብቻ ነው፤ እኔ ግማሿን ወስጄ ግማሿን ተውኩ።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 በጋ ነው። ከስቶክሆልም የመጡ ፊልም ሠሪዎች ቬርምላንድ በሚባለው የስዊድን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በግራንሞ መንደር አዳራሽ አንድ የግብዣ ትዕይንት ይቀርጹ ነበር። አንድ ተዋናይ ንግግር ያደርጋል፤ የመንደሩ ሰዎች ኬክ እየበሉ ያዳምጣሉ። ንግግሩ ረዘመና ኬኩ አለቀ፤ አንዲት ቁራሽ ቀረች። ዮርዲስ ከፈለቻት። የተረፈችውን ፖስተኛው ከፈለ፣ ከዚያ ሚስቱ፣ ከዚያ ሌላው፤ ቁራሿ ጥፍር አከለች።

የስቶክሆልም ሰዎች ይህን አይተው በሳቅ ፈረሱ ተባለ። ወሬው ዮርዲስ ጆሮ ገባ። የአዳራሹን ቁልፍ የያዘች፣ ሰው የሚያከብራት ሴት ናት፤ አገር ሙሉ እንዲስቅባት አልፈለገችም። ስልክ ደወለች።

"መጥቼ አሳይሻለሁ" አላት ስታፋን። "አይተሽ ትዕይንቱን ከፊልሙ አውጣው ካልሽ አወጣዋለሁ።" ከፊልሙ ሁሉ ሰው የሚያስቀው ያ ትዕይንት ብቻ መሆኑን ግን አልነገራትም።

ቅዳሜ ከሰዓት መንደሩ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። ትዕይንቱ ሲጀምር ዮርዲስ እጆቿን አጣምራ ሳቁን ጠበቀች። ሳቅ የለም። ቢላዋው ከእጅ እጅ ሲዞር ሰው ሁሉ ዜና እንደሚያይ ዝም ብሎ ያያል።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?" አለች የፖስተኛው ሚስት። "ታዲያ ምን እናድርግ ኖሯል?"

"ትንሽ ጠብቁ" አለ ስታፋን።

በፊልሙ ውስጥ ተዋናዩ ንግግሩን ጨረሰ። ሁሉም ወደሱ ዞሮ ሲያጨበጭብ፣ የዮርዲስ ጎረቤት ቢርየር ወፍራም ጣቱን ሰደደ፤ የቀረችውን ፍርፋሪ አነሳና ጎረሳት።

 ሳቁ የአዳራሹን ጣራ ነቀነቀው።

"አንተ ነህ ለካ" አለ ፖስተኛው እንባውን እየጠረገ። "እኛ እኮ ድመት በላት ብለን ነበር።"

"ካሜራው የጠፋ መስሎኝ ነው" አለ ቢርየር።

"ካሜራ ከሌለማ ይበላል በለና።"

ቢርየር ጆሮው ቀልቶ ወደ ዮርዲስ ተጠጋ። "አውጣው በይው፣ እባክሽ። አንቺስ መች ፈለግሽው? ልጄ ካርልስታድ ከተማ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ናት፤ በየቀኑ ልታየኝ ነው።"

"ባለፈው ስጨነቅ 'ትንሽ ቢሳቅብሽ አትሞቺም' ያልከኝ ማነው?"

"እሱ እኮ ስላንቺ ነበር።"

 ቢርየር ክረምት በመጣ ቁጥር ዮርዲስ ሳትለምነው በሯ ላይ የተከመረውን በረዶ ይጠርግላታል፤ ይህን አልረሳችም። እሷም ግን ከሰው ሁሉ ጋር ስቃለች፤ ያን መካድ አልቻለችም። ስታፋን ከማሳያው ማሽን አጠገብ ቆሞ አፏን አፏን ያያል።

ብድግ አለች።

"ትዕይንቱ ፊልሙ ውስጥ ይቆይ" አለች፣ ኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሙ። "እኔም ልቆይ፣ ቢርየርም ይቆይ።"