የማያርፍ ሰንሰለት

ዝንቦቹ ቀድመው አወቁት። ያረጋል የሞተር መጋዙን የጎን ክዳን ገና እየፈታ ሳለ አረንጓዴዎቹ እጁ ላይ፣ ካቻቢቴው ላይ፣ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ሳይቀር ሰፈሩ። ክዳኑ ሲነሳ ዘይት የጠጣ የእንጨት ብናኝ ተጋግሮ ታየ። በጣቱ ጫር አደረገው። መጀመሪያ የካኪ ሱሪ ክር ወጣ፤ ክሩን ተከትሎ ጠርዙ የጠቆረ፣ ሲነኩት የሚለጠጥ ነገር መጣ።

ቆዳ ነበር። የሰው እግር ቆዳ፤ ከደጋ እስከዚህ ቆላ በእግሩ የወረደ ሰው ቆዳ፣ ንቃቃቱ አፈር እንደ ጎረሰ።

ያረጋል ከጋራዡ ጀርባ ሄዶ ተፋ። አልወጣለትም። እጁን በቤንዚን ታጠበ፣ በአመድ አሸ፣ እንደገና በቤንዚን ታጠበ፤ ሽታው ግን ከእጁ ሳይሆን ከገዛ ጉሮሮው የሚመጣ ይመስል አልለቀው አለ። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሞተር ሲፈታ የሞተ አይጥ፣ የእባብ ቅርፊት፣ አንድ ጊዜም የወፍ ጎጆ ከነጫጩቱ አግኝቷል። ሰው አግኝቶ አያውቅም።

መጋዙን ጠዋት ያመጣው ማሩ ነበር፤ ለአዲሱ ሰፈራ ጫካ የሚመነጥሩት ሠራተኞች አለቃ። ከሰላምታ በፊት መጋዙን ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አድርጎ፣ «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እፈልገዋለሁ» አለ። በዕድሜ ታላቁን «አንተ» እያለ ነው የሚያናግረው፤ አብዮቱ አንቱታን የሻረው ለእሱ ሲባል ብቻ ይመስል። «የጢስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን ድፈነው። ሚኒሞውንም አስተካክል። ዝቅ ሳደርገው ይጠፋል፤ ከፍ ሳደርገው ደግሞ...»

«ከፍ ስታደርገው ምን ይሆናል?»

«ሥራህን ሥራ ጓድ!»

ያረጋል ሞተር የተማረው በጆሮው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ደግፎ፣ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል። ማሩ ሲሄድ ገመዱን ስቦ መጋዙን እንዲያ አዳመጠው። ማርሚታው በወፍራም ሚስማር ተበሳስቷል፤ ጩኸት ጉልበት የመሰለው ሰው ሥራ ነው። ጢሱ ያላግባብ ሲከፈትለት ሞተሩ አየር በዝቶበት በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር መሥራት ተስኖታል። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ በዝግታ እያንጎራጎረ መቆየት ሲገባው ጠፋ፣ ጠፋ ይላል። እንዳይጠፋ ደግሞ ያው ሰው የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ፣ አጥብቆ አሁን ሞተሩ ጨርሶ ዕረፍት የለውም። ያረጋል ጣቱን ከነዳጅ መስጫው አነሳ። ሰንሰለቱ መዞሩን ቀጠለ። ክዳኑን ወደ መፍታት የሄደውም ለዚህ ነበር።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ምን አግኝተህ ነው? ፊትህ አመድ መሰለ» አለ በሽር። በሽር ከድንበር ማዶ ቤንዚን በበርሜል እያመጣ ከጋራዡ አጠገብ ይሸጣል፤ ቀልድ ካልቀደመ ነገር አይጀምርም። «የሚስትህ ምሳ ነው ወይስ የእኔ ቤንዚን?»

ያረጋል ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያኖረውን አሳየው። በሽር ዓይኑን ጨፈነ።

«ኧረ ሸፍነው! የዚያ ጎጃሜ ልጅ እግር ነው፤ የአገኘሁ፣ የማሩ ቀን ሠራተኛ። ትናንት ቤንዚን ላደርስ ሄጄ እዚያው ቆሜ ነበር። ውሃ በጣሳ አቀረቡለት። ደገኛ ደግሞ ታውቀው የለም ወይ፣ ሳያማትብ ውሃ አይቀምስም። በቀኙ ሲያማትብ መጋዙ በግራው ተንጠለጠለ። ነዳጅ መስጫውን ለቆታል እኮ! በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ሰንሰለቱ ግን መች ይቆማል፤ ሄዶ እግሩ ላይ።»

«ይህንን ተናገርህ?»

«ለማን? እኔ የገላባት ሰው፣ ሱዳናዊ። አፌን ብከፍት ነገ ከነበርሜሌ ያሻግሩኛል።» በሽር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ተጠርቶ ነበር። ማሩ፣ ከግዳጅ ለመሸሽ ሆን ብሎ ነው እግሩን የቆረጠው ብሎ ከሶታል። የቀበሌው ኮሚቴ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነገሩን ይሰማል። መጋዙም ይታያል አሉ። ራሱን ያቆሰለ ሰው ምን እንደሚደረግ መቼም...» ቀሪውን በእጁ ሊያሳይ ብሎ እጁን መለሰው።

ያረጋል ማሩ ለምን እንደቸኮለ አሁን ገባው። ማርሚታው ተደፍኖ፣ ሚኒሞው ተስተካክሎ፣ ሰንሰለቱ እንደ በግ ቆሞ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል። ይኸው ደህና መጋዝ፤ ይኸው እግሩን የቆረጠ ፈሪ። ማሩ ያንን ቆዳ ከብናኝ ውስጥ ያወጣው እጅ ራሱ ይህን ውሸት እንዲሠራለት ነው የፈለገው።

ከጋራዡ ጀርባ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆፈረ። የተጠመቀ ገላ ለዝንብ አይተውም። በጨርቁ ጠቅልሎ አፈር አለበሰው፤ አባታችን ሆይን በልቡ ደገመ፤ «ክፉ ሲሠራ እያየሁ ዝም አሰኘኝ» የሚል ጸሎት እንደሌለም አሰበ። ተመልሶ ሞረድ አነሳ። የሚኒሞውን ብሎን ሳያዞር፣ የካቻቢቴ መግቢያ የሆነችውን ስንጥቅ ሞርዶ አጠፋት። የብሎኑ ራስ እንደ ወንዝ ጠጠር ልሙጥ ሆነ። ክዳኑን መልሶ አሰረ። ማርሚታውን አልነካም።

ማሩ የመጣው የበግ ጎድን እየጋጠ ነው። ስቡ ከአገጩ ወርዶ የሸሚዙን ኪስ አርሶታል። የመጋዙ ዝንቦች ወደ ጎድኑ፣ የጎድኑ ዝንቦች ወደ መጋዙ ይመላለሱ ነበር፤ ያረጋል ያንን ላለማየት መሬት መሬት አየ።

«ደረሰ?»

«አልሠራሁትም።»

ማሩ ማኘኩን አቆመ። ማርሚታውን ገልበጥ አድርጎ ቀዳዳዎቹን አየ። አጥንቱን ጥሎ፣ ስብ በነካው እጁ ካቻቢቴ አንስቶ የሚኒሞውን ብሎን ፈለገ። ጫፉ ተንሸራተተ። ደገመው፤ ተንሸራተተ።

«ምን አድርገህበት ነው?»

«እንደመጣ እንዲቆይ አድርጌዋለሁ። የምትነካካው እንዳይኖር።»

«እንዲያማ ከሆነ ያበላሸኸው አንተ ነህ እላለሁ።»

«በል። የሚያዳምጥ ካለ እኔም እናገራለሁ።»

«ለአንድ ወረሞ፣ ከደጋ ለወረደ ቀን ሠራተኛ?» ማሩ ሳቀ፤ በጥርሶቹ መሃል ሥጋ ይታይ ነበር። «የበኩር ልጅህ ፈንቴም ዘንድሮ ዕድሜው ለውትድርና ይደርሳል አይደል? ስሙን ከላይ ማስጻፍ ለእኔ ምን ያቅተኛል? ወይ ልጅህን ምረጥ፣ ወይ የሰውን ልጅ። አምጣው መጋዙን፤ ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ።»

ፈንቴ ጠዋት በተቀዳደደ ሸሚዝ ሰሊጥ ሊያጭድ ሲወጣ እያፏጨ ነበር፤ ፉጨቱ በአባቱ ጆሮ ውስጥ አለ። ያረጋል እጁን በሱሪው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። የያዘው ፍርሃት ነው ብሎ ሊያምን ፈልጎ ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከዚህ ሰው ጋር አንድ አየር መተንፈሱ፣ ያ ስብ የነካው እጅ ልጁን በስሙ እንደጨበጠ መሰማቱ ነበር።

ማሩ እጁን ወደ መጋዙ ሰደደ። ያረጋል ቀደመውና ገመዱን ሳበ።

የተበሳው ማርሚታ የጋራዡን ቆርቆሮ እስኪነዝር ጮኸ። ማሩ ወደ ኋላ ዘለለ። ያረጋል ነዳጅ መስጫውን ለቀቀ፤ ሰንሰለቱ በመካከላቸው ሲዞር ማሩ ወደ ግራ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ ሞከረ፤ ሊነጥቀው የሚችልበት ወገን አልነበረም። «እብድ! እብድ ነው!» ይል ነበር፤ ማንም አልሰማውም። ያረጋል መጋዙን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ። በሽር ከበርሜሎቹ ጀርባ ብድግ አለ፤ ጥቂት አመነታና በሩቁ ተከተለው።

የሸሕዲ ገበያ ለሁለት ተከፈለለት። ሰሊጥ የጫኑ አህዮች ደነበሩ፣ ሥራ ፈላጊ ደገኞች ነጠላቸውን ሰብስበው ዳር ያዙ። የአዳራሹ ዘበኛ ጠመንጃውን አነሳ፤ የሚዞረውን ሰንሰለት ሲያይ ግን ከበሩ ዘወር አለ።

ውስጥ ሰው በአግዳሚዎቹ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። አገኘሁ ፊት ለፊት መሬት ላይ ነበር፤ ደጋ ያሳደገው፣ የጸዳ መልክ ያለው ልጅ፣ ግራ እግሩ ደም ባጠቆረው አቡጀዲ ተጠቅልሎ ተዘርግቷል። ሊቀመንበሩ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «አጥፋው!» አለ።

ያረጋል መጋዙን ሲሚንቶው ላይ አኖረው። ሁለት እጁን ባዶውን ወደ ላይ አነሳ።

«ነዳጅ መስጫውን ለቅቄዋለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ልጁም ለቆት ነበር።»

መጋዙ ብቻውን፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በሲሚንቶው ላይ ወደ ጠረጴዛው መሳብ ጀመረ። በግራ ያሉት እግራቸውን ሰበሰቡ። በቀኝ ያሉት ሰበሰቡ። አገኘሁ ከመሬት ሆኖ ከጠረጴዛው ሥር ያያል፤ ከሁሉም በታች ስለተቀመጠ እሱ ብቻ ነው የሚያየው። የሊቀመንበሩ ሁለት ጥቁር ጫማዎች ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ ተራ በተራ ወደ ወንበሩ ሥር ገቡ።