ክሮም የለበሰው አክስል

ሎይድ አክስሉን ያመጣው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው። እናቱ ቬልዳ በወጥ ቤቱ መስኮት አየችው። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰውዬ ብረት እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ወደ ቤቱ ዞር ሳይል በጓሮ በኩል ጋራዥ ሲገባ ጠረጠረች። የሚኮራበት ዕቃ ቢሆን ኖሮ ከበሩ ጀምሮ ይጠራት ነበር።

በነዳጅ ሠራተኞቹ ሰፈር በኦይልዴል አሮጌ መኪና ያልቆመበት ጓሮ ስለሌለ፣ ልጇ የውድድር መኪና መሥራቱ አላስገረማትም። የሎይድ መኪና ግን እንደ ሌላው አልነበረም። በአያቶቹ ዘመን ወግ የተሠራ፣ እንደ መሰላል ረጅምና ቀጭን፣ ሞተሩ ከነጂው ፊት የተቀመጠ፣ በቀጥታ መንገድ ሩብ ማይል ከመፈትለክ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ ነበር። ሦስት ክረምት ለፋበት። በመጨረሻ ያስቸገረው ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው አክስል ነው። መጀመሪያ የገጠመው ከአሮጌ ጭነት መኪና የተነቀለ ድፍን ብረት ሲሆን ሠላሳ ስምንት ፓውንድ ይመዝናል። ሎይድ ይህችን ቁጥር እራት ላይ ሳይቀር ያነሣት ነበር። ፊቱ ካልቀለለ መኪናው አይሮጥም ይላል።

ቬልዳ ተከትላው ገባች። አክስሉ ከመታጠቢያ ቤት በጠፋባት ሚዛን ላይ ተጋድሟል። ከቀጭን ቱቦ የተሠራ ነው፤ አሥራ አንድ ፓውንድ። ክሮሙ ከማብረቅረቁ የተነሣ የገዛ ፊቷ ተጣሞ ታያት።

«ከማን ነው?»

«ከኦርቪል።»

«ኦርቪል እንዲህ የሚያምር ነገር ካለው ምን ቆርጦት ይሸጠዋል?»

«ኧረ እማ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

ወደ አክስሉ ጎንበስ አለች። ቬልዳ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው በቧንቧ ግቢ ነው። ከነዳጅ ጉድጓድ የወጡ ቧንቧዎችን፣ ማግኔት አስጠግታ የብረት ዱቄት እየነሰነሰች፣ ስንጥቅ ትፈልግ ነበር። ዱቄቱ እንደ ፀጉር በቀጭኑ ከተሰለፈ ቧንቧው ተሰንጥቋል ማለት ነው። በዚያ ግቢ ቀለም የተቀባ ቧንቧ በበር አይገባም። ሻጭ የሚቀባው ለማስዋብ ሳይሆን ለመሸፈን ነው ይባል ነበር። አሁንም ዓይኗ የሄደው ቱቦው በየጫፉ ወደተበየደበት ቦታ ነው። የብየዳው ጉብታ አይታይም፤ ክሮሙ ሁሉን ደፍኖታል።

ኦርቪልን ደግሞ ታውቀዋለች። ጥርሱ የረገፈ፣ ምላሱ ማር የሆነ ሽማግሌ ነው። ድሮ ለሟች ባሏ የሸጠለት ካምቢዮ ድምፅ የሌለው ጨዋ ነበር፤ ሲፈታ ግን ጩኸቱን እንዲውጥ የእንጨት ብናኝ ተጠቅጥቆበት ተገኘ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የመኪናው የመጀመሪያ ሩጫ ቅዳሜ ነው፤ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በመቶ ሰማንያ ማይል ፍጥነት አክስሉ ቢሰበር ልጇ ምን እንደሚሆን ለማሰብ ጀመረችና አቋረጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ኦርቪል ዘንድ ሄደች። ከጣራው ጥላ ሥር ተቀምጦ ባቄላውን ከቆርቆሮው ይበላ ነበር። ስለ ክሮሙ ስትጠይቀው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የምን ክሮም?»

ተነሥቶ ከኋላ አንድ አክስል ጎትቶ አወጣ። ከሎይድ አክስል ጋር መንታ ነው፣ ከአንድ ቱቦ የተቆረጠ። ግን ዘይት ብቻ የተቀባ ራቁት ብረት ነው፤ የብየዳው እያንዳንዱ ጉብታ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይቆጠራል። ለልጅሽ የሸጥኩለት እንዲህ ያለውን ነው አላት። ቬልዳ አክስሉን ትታ የእሱን ፊት ታይ ጀመር።

«ካምቢዮውን እስከ ዛሬ አልረሳሽውም አይደል?» አለ ኦርቪል።

«አልረሳሁም።»

«ያንን አድርጌዋለሁ። ይሄኛውን ግን አላደረግኩም።»

ከዚያ ሰው አፍ እውነት ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስለዚህም አመነችው። ሎይድን አስጠንቅቄው ነበር ሲል ነገራት። እንዲህ ያለ ጠንካራ ብረት ክሮም ሲነከር ከመንከሪያው ጋዝ ይጠጣል። ወዲያው ምድጃ ገብቶ ለሰዓታት ካልጋለ፣ ላዩ መስተዋት መስሎ ውስጡም እንደ መስተዋት ተሰባሪ ይሆናል። ቬልዳ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። የመጣችው ሌባ ፍለጋ ነበር፤ ሌባው ቤቷ ነው ያለው።

ቤት ደርሳ ስትጠይቀው ሎይድ አልካደም። የዚያ ወግ መኪኖች ሁሉ ፊታቸው ክሮም ነው፤ ሰው ፎቶ የሚያነሣው እሱን ነው አለ። ያስነከረው የመኪና መከላከያ ባምፐር ከሚነክር ሰው ዘንድ ነው። ምድጃ ገብቶ እንደሆነ አልጠየቀም።

«አምጪው ዱቄትሽን» አላት። «ስንጥቅ ካገኘሽ እጄን እሰጣለሁ።»

አመጣችው። ማግኔቱን አስጠግታ፣ ነስንሳ፣ በእጅ ባትሪ ጫፍ እስከ ጫፍ አየችው፤ ገልብጣ እንደገና አየችው። አንድም ቀጭን መስመር አልተሰለፈም። ሎይድ ሳቀ።

«ንጹሕ ነው፣ እማ።»

«ዛሬ ንጹሕ ነው። የዚህ ዓይነቱ ስንጥቅ ስትፈልገው አይገኝም። ጭነት ሲሸከም ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ በምን ልመንሽ?»

«በምንም። የማሳይህ ነገር የለኝም።»

ሎይድ መዳፉን በክሮሙ ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተ። አክስሉን፣ ከዚያ መኪናውን፣ ከዚያ እሷን አየ። እሺ፣ ቅዳሜ በከባዱ፣ በአሮጌው አክስል እሮጣለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ኦርቪል ዘንድ ያለውን ራቁቱን አመጣለሁ። ይሄንን እሑድ ገበያ እሸጠዋለሁ፤ እንኳን እኔ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዓይኑን ጥሎበታል።

ቬልዳ ዱቄቱን ከአክስሉ ላይ በጨርቅ ትጠርግ ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ምን ብለህ ነው የምትሸጠው?»

«ቀላል ነው እላለሁ።»

«እውነት ነው፣ ቀላል ነው። ኦርቪልም ለአባትህ ድምፅ የለውም ብሎ ነው የሸጠለት።»

ሎይድ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ አክስሉን አንሥቶ ብረት በሚያጣብቀው ሞርሳ ውስጥ አሰረውና የብረት መጋዙን አወረደ። ክሮሙ መጀመሪያ መጋዙን አንሸራተተው፤ ቀጥሎ ያዘ። ሎይድ አንድ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ ዞር አለ።

«አሁንማ ግቢ፣ እማ። ይቆረጣል።»

ቬልዳ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ጨርስ» አለችው።