የእሑድ ጠዋት ተረኞች

ልብስ ሰፊዋ የቤተ ክርስቲያኑን ወጣቶች ስታስተምር ኖራ ፀጉሯ ሸብቷል። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። የዝማሬ ልብሳቸውን በየዓመቱ እየተረተረች ስታስረዝም አድገውባታል። ዘንድሮ ግን እሑድ ጠዋት ክፍሉን ከፍታ፣ አግዳሚዎቹን ወልውላ ብትጠብቅ ብቅ የሚል ጠፋ። መጀመሪያ የቀረው ኪቦርድ የሚጫወተው ሳቂታው ነው፤ ታመመ ተባለ። ጓደኞቹም አንድ በአንድ ተከትለውት ቀሩ።

ለሳቂታው በጉባኤ ተጸልዮለታል፤ አንድ ጊዜ። እሷም «አሜን» ብላለች። ሰሞኑን ሄጄ እጠይቀዋለሁ ስትል የደንብ ልብስ ስፌት ተደራረበባትና ሰሞኑ ወራት ሆነ።

መጋቢው መድረክ ላይ በወጣቶቹ ማማረር አበዛ። ስልክ በላቸው፣ ዓለም ወሰደቻቸው ይላል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ደግሞ ልብስ ሰፊዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ አንቺን ይሰሙሻልና ሄደሽ መልሻቸው፣ አለዚያ ክፍሉን የወንበር ማስቀመጫ እናደርገዋለን አላት።

ልጆቹ እሑድ እሑድ ሳቂታው ቤት እንደሚሰበሰቡ ሰምታ ነበርና፣ በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት የምትቆጣውን ቁጣ በልቧ እያሰናዳች ወደዚያው አመራች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጋ ስትገባ ቁጣው አፏ ላይ ቀረ።

ሳቂታው ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል። ፀጉር አስተካካዩ ጓደኛው አገጩን ይዞ ቀስ እያለ ጢሙን ይላጨዋል። አንዱ ከኋላው ተቀምጦ ጀርባውን ደግፎታል። ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጅ እግሩን በለብታ ውሃ ታጥባለች። ከጓሮ አንሶላ ሲታሽ ይሰማል።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ለሰብሳቢው ነግረናል፣ እትዬ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል። «እናቱ ሆስፒታል ጽዳት ናት፤ እሑድ ጠዋት ተረኛ ነች። ሌላ ቀን ጎረቤት ያየዋል። እሑድ ጠዋት ግን ጎረቤቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰብሳቢው የአምልኮ ሰዓት አይነካም፣ ሌላ ጊዜ ጠይቁት አሉን።»

ሳቂታው ሊስቅ ሞከረ። «ክፍሉ ወደዚህ ተዛውሯል በሏቸው፣ እትዬ።»

ሳል ቀደመው። ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን አስቀምጣ፣ ልጅቷ የታጠበውን እግር ስታነሣ ፎጣ ይዛ ተቀበለቻት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። የእሑዱ ትምህርት እዚያው ቤት ይሁን፣ እናንተም ተራ ግቡ አለቻቸው። ሐሳቡ በጎ እንደሆነ፣ ነገር ግን ሥርዓት ስላለው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚታይ መለሱላት። ሳቂታው ስብሰባውን አልጠበቀም።

የቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ፈሰሰ። ወጣቶቹ የጠበባቸውን የዝማሬ ልብስ ለብሰው አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መጋቢው ስለ ሟቹ ጥቂት ተናግሮ ዓይኑን እነሱ ላይ ተከለ፤ ይህ ሞት ከእግዚአብሔር ቤት የራቃችሁትን ሁሉ የሚጣራ ድምፅ ነው አለ። ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጅ ተነሥታ ወጣች። ሌሎቹም ድምፅ ሳያሰሙ ተከተሏት። አስከሬኑ እስኪወጣ ደጅ ቆመው ጠበቁና ተሸክመውት ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ መሀል ነበረች። ከልጆቹ ጋር ልትነሣ ቃጥቷት ነበር። ጉልበቷ እምቢ አላት፤ ወይም እሷ እንደዚያ ብላ ራሷን አጽናናች።

በሚቀጥለው እሑድ ክፍሉን ከፈተች። ማንም አልመጣም። ቆልፋ ቁልፉን ለሰብሳቢው ሰጠችውና ወንበራችሁን አስገቡ ብላው በቀጥታ የሳቂታው እናት ቤት ሄደች።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። ለሐዘኑ ከሥራ ፈቃድ ከወሰደችው እናቲቱ ጋር የልጇን ልብስ እያጣጠፉ ስለ እሱ የሆነ ነገር ያወራሉ፤ እናቲቱም ፈገግ ብላለች። ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሡላት፤ ፀጉር አስተካካዩ በርጩማውን ለቀቀላት። «ግቢ፣ እህቴ፣ ቤትሽ ነው» አለቻት እናቲቱ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ትሄዳለች። ልጆቹ ጤናዋን ይጠይቋታል፤ ዝናብ ከሆነም ቤቷ ድረስ ይሸኟታል። እሷ ስትገባ ግን ዛሬም ወሬያቸውን ያቆማሉ።