በአልጋው እግር ላይ ያለው ክር

እናቱ በየማለዳው ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው የአልጋውን እግር ነው። እዚያ ላይ አንድ ነጭ ክር ታስሯል፤ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮ። ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጥፍር ገፋ ታደርገዋለች፣ ላልቶ እንደሆነ ብላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልላላም። ልጇ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቶ ጉልበቷ ቀጭ ሲል ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ስለ ክሩ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። የሚያውቀውን ምን ብሎ ይጠይቅ?

እናቱ አዋላጅ ነበረች። የስንቱን እትብት እንዳሰረች እሷም አታውቀው። ሴት ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ «በእኔ እጅ ካልሆነማ ምኑን እናት ሆንኩት!» ብላ ራሷ አዋለደቻት፤ እትብቱንም ራሷ አሰረች። ሕፃኑ ወንድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከእትብቱ ደማ። ቆመ ሲባል በማግስቱ ደግሞ ደማ። በቋጠሮው ላይ ቋጠሮ ጨመረች። ይኸው ወንድ ልጇ ያኔም እንደ ዛሬው የሆስፒታሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርና የእህቱን ልጅ ደም ራሱ መረመረው። ደሙ በቱቦው ውስጥ በሰዓቱ ረጋ። «ይረጋል፤ ደህና ነው» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ።

ደሙ ደህና ከሆነ እንግዲህ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ጮክ ብሎ የተናገረ የለም። እህቱ ብቻ አንድ ቀን፣ «እማ፣ ቋጠሮው ላልቶ ነበር አይደል?» አለች። እናቱ ከእትብቱ የተረፈውን ክር አልጋዋ እግር ላይ አሰረች፤ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ማሰሪያ ያለው ጫማ እንኳ አድርጋ አታውቅም።

ዘንድሮ እህቱ ሁለተኛዋን ወለደች፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ እትብቱም በላስቲክ መቆንጠጫ ተይዞ። እናቱ ልትጠይቃት ሄዳ በሩ ላይ ቀረች።

«ግቢ እንጂ እማ። ግቢና እያት። ብቻ… አትንኪያት፣ እሺ?»

«እጄን ወደ ኋላ አድርጌያለሁ» አለች እናትየው። እውነትም አድርጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ ደማች። ተጭነው ሲይዙላት ቆመ። በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመራት። ሐኪሟ የደም ምርመራውን ወረቀት ይዛ ላብራቶሪ ድረስ ወረደች።

«ደሟ ይረጋል ብለህ ጽፈሃል።»

«ይረጋል ዶክተር። ሁለቴ አየሁት።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ከየት ነው የሚፈሰው? ትናንት ቆሞ ዛሬ?»

እሷ ስትወጣ እሱ ቱቦውን ይዞ ገንዳው ዘንድ ቆሞ ነበር። ልማዱ እንዲህ ነው፦ ሲረጋ ሰዓቱን ይጽፋል፣ ይደፋል፣ ያጥባል። ገንዳው ደግሞ የተደፋለትን ሁሉ ውጥ ያደርጋል፤ ልክ ሕፃን ሲጠባ እንደሚውጠው። የሥራ ባልደረባው «ቧንቧው አርጅቶ ነው» ይላል። ይሁን፤ ግን ይህን ድምፅ መስማት የጀመረው ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ነው። ዛሬ እጁ አልደፋ አለ። ትናንት ቆሞ ዛሬ። ይህን አንድ ቦታ አንብቦታል።

ከመሳቢያው ሥር አሮጌ ደብተሩን አወጣ። በተማሪነቱ ሳያስተውል የገለበጠው አንድ ገጽ ነበር፦ ረግቶ የሚፈርስ ደም። ለማርጋት የሚረዱት ፕሮቲኖች በቁጥር ይጠራሉ፤ አሥራ ሦስተኛው ሲጎድል ደሙ በሰዓቱ ይረጋል፣ መርማሪውም ደህና ነው ይላል፤ የረጋው ግን ውሎ አድሮ ይፈርሳል። ለመለየት ቀላል ነው፤ የረጋውን ዩሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ አሳድሮ ማየት።

«ምንድነው የምትበጠብጠው?» አለ ባልደረባው።

«ዩሪያ።»

«ማዳበሪያ? ደሙን ልታበቅለው ነው እንዴ!»

«እስከ ነገ ላቆየው ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ረግቷል እኮ! የረጋ ደግሞ ምኑ ይጠበቃል?»

«እኔም እንዲህ ብዬ ነበር» አለ።

ከሕፃኗ ደም የተለየውን ቢጫ ውሃ በአንድ ቱቦ፣ የራሱን በሌላ አረጋ። ዩሪያውን አፍስሶባቸው ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮቱ አጠገብ አቆማቸው። ሊወጣ ሲል ቆም አለ። የሕፃኗ ከፈረሰ እናቱ ነጻ ወጣች፤ እሱ ግን አለቀለት። አንዲት ቅጽበት፣ አንዲት ብቻ፣ ባይፈርስ ብሎ ተመኘ። ወዲያው ደነገጠ። «አቤቱ፣ ይህን ልቤን አትይብኝ» ብሎ መብራቱን አጠፋ።

ጠዋት ጋወኑን ሳይለብስ ወደ መስኮቱ ሄደ። የእሱ እንደ ፈዛዛ ፍሬ በቱቦው ታች ቁጭ ብሏል። የሕፃኗ የለም። አዘነበለው፤ ወዘወዘው፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ። ሕፃን ያነሱበት አልጋ መሰለው።

ሐኪሟ ሰምታ አልዘገየችም። ከጤነኛ ሰው ደም የተለየ ቢጫ ውሃ ለሕፃኗ ሰጠቻት፤ ናሙናም ለማረጋገጫ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ላከች። ደሙ ያን ቀን ቆመ። በማግስቱም አልተመለሰ። «በየወሩ ትወስዳለች፤ ዕድሜ ልኳን» አለች፤ «ግን ዕድሜ ይኖራታል።»

እናቱ ኮሪደሩ ላይ እጆቿን ጭኗ ሥር ቀብራ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማ፣ ደም ሲረጋ ክር ይሠራል። መጀመሪያ ክሮቹ እንዲሁ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት። የሚሰፋቸው አሥራ ሦስተኛው ነው።»

«አሥራ ሁለቱስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አሥራ ሁለት ሰው ደክሞ አንድ ሰነፍ ያፈርሳል፤ መቼም የታወቀ ነው።»

ፈገግ ሊል ቃጣው። «እሱም አራት ሆኖ ነው የሚዞረው እማ። ሁለቱ እንደ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁለቱ አቅፈዋቸው ይዞራሉ። ቁስል ሲያገኙ አቃፊዎቹ ይለቃሉ፤ ሰፊዎቹ ክሩን ከክሩ ያያይዙታል። እሷ ሰፊዎቹ የሏትም።»

 «እሱስ?» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቃትም።

«እሱም እንደሷ ነበር መሰለኝ።»

«እንግዲያ ቋጠሮዬ…»

«አልላላም። የረጋውን በአሥር ደቂቃ የደፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ባሳድረው ኖሮ…»

«ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እኔን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ተነሥቶ ነገሩን ለእህቱም ነገራት። እህቱ ሕፃኗን ይዛ መጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት። የእናቱ እጆች ከተቀበሩበት ለመውጣት ጊዜ ፈጀባቸው።

በማግስቱ ማለዳ ከግድግዳው ወዲያ ጉልበቷ ቀጭ አለ። ጸጥታው ረዘመ። ከዚያ የመቀስ ድምፅ ሰማ። በሩን ከፍታ ገባችና ክሩን መዳፉ ላይ አኖረችው፤ ሦስቱ ቋጠሮ እንዳለ ነው።

«አልፈታ አለኝ» አለች። «ቆረጥኩት።»

ክሩ አሁን በጋወኑ ኪስ ውስጥ ነው። «እትብቱ ይደማል» ተብሎ የመጣ ሕፃን ደም ሳያድር አይደፋም፤ ባልደረባው መደርደሪያው ሞላ እያለ ይነጫነጫል። እሱ ጠዋት ጠዋት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ያዘነብላል። ያልፈረሱትን ይደፋል። ገንዳው ውጥ ያደርጋል፤ እሱም ውጦ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል።