የባላምባራስ ድፋባቸው በቅሎ

እኅቴ ሙሉነሽ ሕፃን ልጇን ከቀበረች ጀምሮ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሐኪም ሞክሮ ሲያቅተው፣ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ እንጦጦ ጠበል ወሰድኳትና ሱባኤ ገባን።

ጠበልተኛው ባሕር ዛፉ ሥር ጎጆ ቀልሶ፣ ማን ከየት እንደመጣ ሳይጠያየቅ አብሮ ይኖራል። መጽሐፉን ያየሁት እዚያ ነው። ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያ ገጾቹም ተቀደዋል፤ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ አልነበረም። ከአንዱ ጋቢ ወደ ሌላው ጋቢ ይሸጋገራል። ጠበል ቦታ የቀልድ መጽሐፍ ማንበብ ነውር ስለሚመስለው ሁሉም ይደብቀዋል።

ታሪኩ ባላምባራስ ድፋባቸው ስለሚባል ሰው ነው። ከበቅሎው ጋር ይኳረፍና ሽማግሌ ይልክባታል። ሽማግሎቹ ጋጣ ውስጥ ተቀምጠው ሲለምኗት ይውላሉ፤ እሷ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ወገቡን ሊጠመቅ ከጉርድ ሾላ የመጣው ገበሬ ቀጀላ፣ «ይኼን ባላምባራስ አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቴ ነው» አለኝ። ፊደል ላልቆጠሩት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነብላቸው እሱ ነበር፤ በጣም የሚያስቀው ቦታ ሲደርስ በኦሮምኛ ይስቃል። ከአዳማጮቹ አንዷ ዘሀራ ነበረች፤ ሙስሊም ብትሆንም ጠበሉን አምና ከጅማ የመጣች ሴት። «እናንተ ትስቃላችሁ። እኔ ግን ለበቅሎዋ አለቀስኩ። ምን እንደከፋት ማን ጠየቃት?» አለች።

እኔ ትዕግሥት ሲታደል አልነበርኩም። መጽሐፉን ከእሷ ተቀብዬ አነበብኩትና ተናደድኩ። ሰው እዚህ ከሞት ጋር እየታገለ የበቅሎ ኩርፊያ ምን ይረባዋል? «ወረቀት ማበላሸት» ብዬ መጽሐፉን ለዘሀራ መለስኩላት። እሷም ወስዳ ሙሉነሽ ጉልበት ላይ አኖረችው። ሙሉነሽ ድሮ ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ታነብ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

የሱባኤያችን የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ተራ ስንጠብቅ ከጋቢዋ ውስጥ ድምፅ ወጣ። እንደ ሳል ጀምሮ ጩኸት ሆነ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠና መሬት ላይ ወደቀች። ጋኔን ሊወጣ ሲል እንደሚጮህ የማያውቅ ጠበልተኛ የለም። «ጮኸ፣ ጮኸ፤ ያዟት» ተባለና እጅና እግሯን ይዘን ውሃው ሥር አደረስናት። አንድ እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላውን አንድ የማላውቀው ወታደር።

አጥማቂው አባ ወልደሰንበት መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ።

«ማነህ? ስምህን ተናገር።»

ውሃው እየወረደባት፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ «ባላምባራስ ድፋባቸው» አለች።

አባ መስቀሉን አላነሡም። «ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ከበቅሎዬ አስታርቁኝ።»

መጀመሪያ ሳቁ ያመለጠው ቀጀላ ነው። ቀጥሎ በምርኩዝ የቆሙ አሮጊት፣ ቀጥሎ ከጎኔ ያለው ወታደር፣ ከዚያ ማን ይቁጠረው። ለካ የእኅቴም ጩኸት ሳቅ ኖሯል፤ ለካ ሁሉም አንብቦታል። ስም ለስም የማይተዋወቀው ሕዝብ ሁሉ ያችን አንዲት በቅሎ ያውቃታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነቀኝ ግን የለም።

አባን ፈርቼ ቀና አልኩ። ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ አሉና፣ «እንግዲህ ስሚኝ ልጄ፤ መጨረሻ ላይ በቅሎዋ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ሙሉነሽ መስቀል የያዘውን እጃቸውን ያዘች።

«አይንገሩኝ፣ አባ» አለች፣ በዚያ በማውቀው ድምፅዋ። «ገና አልጨረስኩትም።»